ምሳር ከማንሳት በፊት



ምሳር አያያዝን እኔ ለእናንተ አላስተምርም። በዚህ ነገር አስተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ። እኔ ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እጄ የለመደው ብዕር ነው። ፊደል ለማስተማር ተመድቤ ካራ በመጣሁ ሰሞን አንድ ቀን ግንድ ልፍለጥ ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ጊዜ መታሁ። በሦስተኛው ስለቱን ከድንጋይ ጋር አጋጨሁት። የምሳሩ ባለቤት የሆኑ አንድ አባት ሳቁና «ልጄ፣ አንተ እርሳስህን ያዝ፤ ምሳሩን ለኛ ተውልን» አሉኝ።

እኒሁ አባት አንድ ማታ ሌሎች ተማሪዎች ሲወጡ ከክፍል ቀሩ። አንድ ነገር ከብዷቸው ነበር። ከአንድ ትልቅ ግቢ 4 ባሕር ዛፍ እንዲቆርጡ ተጠርተው ነበር። ስለ ዋጋው ሲጠይቁ «ግድ የለም፣ አንጣላም» ተባሉ። እሳቸውም ቅጠሉና ጭራሮው የሠራተኛ ነው ብለው በልባቸው ያዙ። ከልጃቸው ጋር 3 ቀን ሠሩ። በመጨረሻ 2,500 ብር ተሰጣቸው። ቅጠሉን ሊጭኑ ሲሉ ደግሞ «ኧረ ተዉት፣ እሱማ የቤቱ ነው» ተባሉ። ምስክር የለ፣ ወረቀት የለ። ባዶ ገመዳቸውን ጠቅልለው ወጡ።

«ጉልበቴ አልጎደለም» አሉኝ። «የጎደለው አፌ ነው። መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ።»

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ቃል ነው። ዛፍ መቁረጥ፣ አጥር መከርከም፣ የሰው አትክልት መንከባከብ ለራሱ ለሚሠራ ሰው ጥሩ እንጀራ ነው። ነገር ግን ሥራው የሚጀመረው ምሳሩ ሲነሣ አይደለም። ከዚያ በፊት አራት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። እነርሱም፦

1. ዛፉ የማን ነው?
2. የሚወጣው እንጨት የማን ይሆናል?
3. ዋጋው ስንት ነው?
4. ዛፉ የሚወድቀው ወዴት ነው?

ሦስቱ ኪሳችሁን ይጠብቃሉ። አራተኛው ነፍሳችሁን ይጠብቃል።

ሥራው ከየት መጣ?

ከካራ ሆነን ወደ ተራራው ቀና ብንል የእንጦጦ ሰንሰለት ይታየናል። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የጥንቱ ዛፍ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ነበር። ዐፄ ምኒልክ መጀመሪያ ከተማቸውን በእንጦጦ ላይ አደረጉ። ከዚያም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ሕዝቡ በዛ። ለቤትና ለማገዶ እየተባለ ደኑ አለቀ። እንጨት ከሩቅ ማምጣት ግድ ሆነ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር።

ከተማዋን እዚሁ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ቶሎ ያድጋል። ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከብት ቅጠሉን አይበላውም። ስለዚህ ሰው ወደደው፤ ተራራውንም ሞላው።

ዛፉ ሲበዛ ሥራውም በዛ። ቆራጭ፣ ፈላጭ፣ አጣና ሻጭ፣ ቅጠል ተሸካሚ ሁሉ በእርሱ አደረ። ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ከእንጦጦ የሚወርዱትን እናቶች የማያውቅ የለም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከእነዚህ እናቶች አንዳንዶቹ ማኅበር መሥርተው ከሸክም ወደ ሽመና ተሻግረዋል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በተራራው ላይ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ተራራው ዛሬ ጠባቂ አለው። ምሳር ይዞ ወጥቶ የፈለጉትን ቆርጦ መውረድ የለም። ለራሱ የሚሠራ ሰው እንጀራውን የሚያገኘው በሰው ግቢ፣ በሰው አጥርና በሰው ይዞታ ነው። የሰው ንብረት ሲነካ ደግሞ አስቀድሞ መነጋገር ግድ ነው።

ዛፉ የማን ነው?

በ1967 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች የገጠሩ መሬት የሕዝብ፣ የከተማው ቦታ የመንግሥት ሆነ። ዛሬም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። ሰው በይዞታው ላይ የተከለው ዛፍ ግን የልፋቱ ፍሬ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደንን በአራት ይከፍለዋል። የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው። ባለቤት የሌለው ዛፍ የለም።

ታዲያ «ና ቁረጥልኝ» ያለ ሁሉ ባለቤት አይደለም። የቤት ተከራይ ሊሆን ይችላል። ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ከወንድሙ ጋር በውርስ የሚከራከር ሰውም ሊሆን ይችላል። ዛፉ በወሰን ላይ ከሆነ ጎረቤቱም ቃል አለው። ስለዚህ ሳታፍሩ ጠይቁ፦

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዛፉ የእርስዎ ነው? ጎረቤትስ ያውቃል?»

ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ደህና ባለቤት የሚጠይቅን ሠራተኛ ያከብራል። የሚቆጣ ካለ ምክንያት አለው።

ሦስት ነገር አስታውሱ። አንደኛ፣ የመንገድ ዳር ዛፍ የከተማው ነው፤ ፊት ለፊቱ ቤት ያለው ሰው ሊያስቆርጠው አይችልም። ሁለተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ያለ ሰበካ ጉባኤው ፈቃድ አይነካም። ሦስተኛ፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት የመሳሰሉት አገር በቀል ዛፎች ከሆኑ በግቢ ውስጥም ቢሆኑ አስቀድሞ ወረዳውን መጠየቅ ይበጃል። ባለቤቱ «ፈቃድ አለኝ» ካለ ወረቀቱን ያሳያችሁ። አሁን እኮ ማንበብ ትችላላችሁ። ቀኑን፣ ማኅተሙንና የዛፉን ቁጥር እዩ። «አላወቅሁም ነበር» የሚል ቃል ከክስ አያድንም። ሲያዝ የሚያዘው ደግሞ ምሳሩን የጨበጠው ሰው ነው።

እንጨቱ የማን ይሆናል?

አንድ ባሕር ዛፍ ሲወድቅ አንድ ነገር አይደለም የሚወድቀው። ወፍራሙ ግንድ ለቋሚ ወይም ለፍልጥ ይሆናል። ቀጥ ያለው አጣናና ማገር ይወጣዋል። ቅርንጫፉ ጭራሮ ነው። ቅጠሉ ለእንጀራ መጋገሪያ ይፈለጋል። ጉቶው ከተተወ ነገ ሌላ ዛፍ ነው። እያንዳንዱ ዋጋ አለው። እያንዳንዱ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ ካልተነገረ ጠብ ይወለዳል።

ሦስት ዓይነት ስምምነት ይኖራል። በአንደኛው ባለቤቱ ሁሉን ይወስዳል፤ ለእናንተ ሙሉ የጉልበት ዋጋ ይከፍላል። በሁለተኛው ግንዱ የባለቤቱ፣ ቅጠልና ጭራሮው የሠራተኛው ይሆናል፤ ስለዚህ የጉልበቱ ዋጋ ትንሽ ይቀንሳል። በሦስተኛው ዛፉን ከነቅጠሉ ትገዙታላችሁ፤ ያኔ ከፋዮቹ እናንተ ናችሁ። ሦስቱም ደህና ናቸው። መጥፎው በልብ የሚያዘው አራተኛው ነው። እኒያ አባት የተጎዱት በእርሱ ነው። ባለቤቲቱም ክፉ ሆነው ላይሆን ይችላል። እሳቸውም በልባቸው የያዙት ሌላ ነበር።

ዋጋ እንዴት ይወጣል?

ብዙ ሰው ዛፉን አየት ያደርግና «2,500 ብር ይበቃኛል» ይላል። ዓይን ግን ምሳውን አይቆጥርም። ዓይን የኪራይ ገመዱን አይቆጥርም። እስቲ የእኒያን አባት ሥራ አብረን በእርሳስ እናስላው። ከታች ያለው ገንዘብ ስሌት ለመማሪያ የተቀመጠ ነው። እናንተ በሰፈራችሁ የዕለቱን ዋጋ ተኩበት።

የቀን ሥራ፦ 2 ሰው × 3 ቀን × 500 ብር = 3,000 ብር
የገመድ ኪራይ፦ 3 ቀን × 100 ብር = 300 ብር
ሞረድና የምሳር እጀታ = 150 ብር
ትራንስፖርት፦ 2 ሰው × 3 ቀን × 40 ብር = 240 ብር
ምሳ፦ 2 ሰው × 3 ቀን × 80 ብር = 480 ብር
ድምር = 4,170 ብር

ዝናብ ሊያስተጓጉል ይችላል። ምሳር ሊሰበር ይችላል። ለዚህ ከአሥር አንድ ያህል ጨምሩ። 420 ብር ሲጨመር 4,590 ብር ይሆናል። ከዚህ ተነሥታችሁ ተነጋገሩ።

አሁን የተከፈላቸውን እንመልከት። ከ2,500 ብር ላይ ከኪሳቸው የወጣው 1,170 ብር ሲቀነስ 1,330 ብር ይቀራል። ሁለት ሰው ሦስት ቀን ማለት የ6 ቀን ጉልበት ነው። 1,330 ለ6 ሲካፈል 222 ብር እንኳ አይሞላም። እሳቸው ይህን ያወቁት ሰሌዳ ላይ አብረን ስናሰላው ነው። «ለካስ እኔ ነኝ የረዳኋቸው!» አሉ።

በዋጋው ከተስማማችሁ ቀብድ ተቀበሉ። ቀብድ ስድብ አይደለም። ባለቤቱ እንደማይቀር፣ እናንተም እንደማትቀሩ ማረጋገጫ ነው። ከዚያም በግማሽ ገጽ ጻፉት። እንዲህ ብሎ መጻፍ ይበቃል፦

«እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጻፈው ሠራተኛ በዚህ ግቢ ያሉትን 4 ባሕር ዛፎች ቆርጬ፣ ቅርንጫፋቸውን መልምዬ፣ ግንዱን በአጥሩ ሥር ከምሬ ለማስረከብ ተስማምቻለሁ። ዋጋው ይህን ያህል ብር ነው። ቀብድ ይህን ያህል ተቀብያለሁ። ቀሪው ሥራው ባለቀ ቀን ይከፈለኛል። ግንዱ የባለቤቷ ነው። ቅጠሉና ጭራሮው የሠራተኛው ነው። ቀን። የሠራተኛው ፊርማ። የባለቤቷ ፊርማ። ምስክር 1። ምስክር 2።»

ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለእናንተ። ከመፈረማችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ካለ አትፈርሙ። ዱሮ «አውራ ጣትህን አምጣ» የሚባል ሰው ምን እንደፈረመ አያውቅም ነበር። እናንተ ግን ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በራሱ ኃላፊነት ሥራ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። የዓመት ዕረፍት፣ የሕመም ፈቃድ፣ የጉዳት ካሳ የሚሰጣችሁ አሠሪ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ለራሱ የሚሠራ ሰው ለክፉ ቀን ራሱ ማስቀመጥ አለበት። እቁብና እድር አሉን። ከእያንዳንዱ ሥራ ትንሽ ማስቀመጥ የኮረብታ ውኃ በገንዳ እንደ ማጠራቀም ነው።

ዛፉ የሚወድቀው ወዴት ነው?

ገንዘብ ቢጠፋ ይተካል። እግር አይተካም። ስለዚህ ምሳር ከመነሣቱ በፊት ዛፉን ዙሩት። ወዴት ያዘነብላል? ቅርንጫፉ የከበደው በየት በኩል ነው? ነፋሱ ከወዴት ይመጣል? የደረቀ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል? ልጆች የሚጫወቱት የት ነው? ነፋሱ ከበረታ ሥራውን ለነገ ተዉት።

ቀጥሎ ቁመቱን ለኩ። መውጣት አያስፈልግም። ከዓይናችሁ እስከ ተዘረጋው እጃችሁ የሚደርስ ቀጥ ያለ እንጨት ያዙ። እጃችሁን ዘርግታችሁ እንጨቱን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ። የእንጨቱ ታች ከዛፉ ሥር፣ የእንጨቱ ጫፍ ከዛፉ ጫፍ ሲገጥም ቁሙ። መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ ከቆማችሁበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉን ቁመት ያህላል። ዛፉ ሲወድቅ ጫፉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሌላ ሰው ግን ከዚያ እጥፍ መራቅ አለበት። ዛፉ 20 ሜትር ከሆነ 40 ሜትር ማለት ነው።

ለሽሽት የሚሆን መንገድ አስቀድማችሁ መንጥሩ። ሽሽቱ ዛፉ ከሚወድቅበት በተቃራኒ፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ነው። ልክ ከኋላው አትቁሙ። ግንዱ ወደ ኋላ ሊወረወር ይችላል።

አቆራረጡም እንዲህ ነው። በሚወድቅበት በኩል የሽብልቅ ቅርጽ ያለው አፍ ይከፈታል። ጥልቀቱ ከግንዱ ውፍረት ሩብ ያህል ይሁን። ከዚያ በጀርባው በኩል፣ ከአፉ ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው አይቆረጥም። በመካከል ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይተዋል። ግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 3 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህች ያልተቆረጠች እንጨት የበር ማጠፊያ ሥራ ትሠራለች። ዛፉን ይዛ በመስመሩ ታወርደዋለች። እርሷ ከተቆረጠች ዛፉ ወደ ፈለገው ይዞራል።

ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረ ዛፍ ካለ ሥሩ አትግቡ። በእርሱ ላይም አትውጡ። ሰው አርቁና ከሩቅ በገመድ ሳቡት።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለበት ዛፍ ደግሞ የምሳር ሥራ አይደለም። ቤት የሚገባው ሽቦ 220 ቮልት አለው። በከተማችን በምሰሶ ላይ በሚሄዱት ከፍተኛ መስመሮች 15,000 ቮልት ይተላለፋል። እርጥብ ዛፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሽቦውን ቅርንጫፉ ቢነካው ከታች ያለው ሰው ይሞታል። ባለቤቱ «ቀስ ብለህ ቁረጠው» ቢላችሁም አትቀበሉ። መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መጥቶ መስመሩን ያጥፋ። ይህን ሥራ እምቢ ማለት ፍርሃት አይደለም።

ሰው ከተቆረጠ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አመድ፣ አፈር ወይም እበት አታድርጉበት። በዚህ መንገድ መንጋጋ ቆልፍ ይገባል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መኖሩን አትርሱ።

ጉቶውም ነገ እንጀራ ነው

ባሕር ዛፉ እንደገና እንዲበቅል ከተፈለገ ጉቶው ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቅር። ፊቱ ዘንበል ብሎ ይስተካከል፤ ዝናብ እንዳይተኛበት ነው። ስለቱ የተሳለ ይሁን። ልጡ ከተቀደደ ቡቃያው ይደክማል። ከዓመት በኋላ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ከሁሉ ጠንካሮቹን 2 ወይም 3 ትታችሁ ሌላውን አውጡ። ይህም የሚከፈልበት ሥራ ነው። ለባለቤቱ «በሚመጣው ዓመት ላቅጥንልዎት» ብትሉት አንድ ሥራ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ጽድ ግን ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ከተቆረጠ ቀረ። ባሕር ዛፍም ቢሆን ከምንጭና ከእርሻ አጠገብ እንዲተከል አትምከሩ። ውኃ ይሻማል፤ ከሥሩ ሰብል አያስበቅልም።

አጥር መከርከም

በከተማ ብዙ ጊዜ የሚከረከመው የፈረንጅ ጽድ ነው። የዚህ ዛፍ ምስጢር አንድ ነው። አረንጓዴው ላይ ብቻ ቁረጡ። ውስጥ ካለው ቅጠል የሌለው ቡናማ እንጨት ከደረሳችሁ ተመልሶ አይበቅልም። አጥሩ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ብዙ ሠራተኛ የተጣላው በዚህ ነው። ባለቤቱ «አሳጥረው» ካለ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጊዜው በትንሽ በትንሹ እንደሚሆን ንገሩት።

ስሚዛ ግን ጠንካራ ነው። ዝቅ ተደርጎ ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት በሁለት ካስማ መካከል ሲባጎ ወጥሩ። ዓይን ያታልላል፤ ሲባጎ አያታልልም። አጥሩ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል። እንዲህ ሲሆን ፀሐይ እስከ ሥሩ ይደርሳል፤ ታቹም አይራቆትም።

ዋጋውን በሜትር ተነጋገሩ። በየ1 ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ካላችሁ ባለቤቱ ፊት ለኩ። የወደቀውን ቅጠል የሚያነሣው ማን እንደሆነም ተናገሩ። ማንሣትና ማስወገድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ቁልቋል ባለበት አጥር ተጠንቀቁ። ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ዓይን ላይ ከተረጨ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የሰው አትክልት መያዝ

ዛፍ አንድ ጊዜ ይቆረጣል። አትክልት ግን ዓመቱን ሙሉ ሰው ይፈልጋል። አንድ ሰው በሳምንት በተለያየ ቀን ሦስት ወይም አራት ግቢ ይዞ በወር ቢከፈለው ገቢው የማይቆራረጥ ይሆናል። ታዲያ እዚህም ላይ «አትክልቱን ያዝልኝ» የሚል ቃል አይበቃም። ሣር ማጨድ፣ ውኃ ማጠጣት፣ መኮትኮት፣ ችግኝ መትከል፣ ግቢ መጥረግ ለየብቻ ይቆጠር። አለዚያ መኪና ማጠብና ገበያ መሄድም ይጨመርበታል።

ውኃ ጧት ወይም ማታ አጠጡ። ለችግኝ ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍሩ፤ ተከላው ዝናቡ ሲጠና ይሁን። ስትተክሉ ላስቲኩን ቅደዱ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለኮምፖስት አይሆንም፤ የሣርና የጎመን ቅጠል ግን ይሆናል።

የተባይ መድኃኒት ከተሰጣችሁ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ስም የሌለውን፣ በውኃ ጠርሙስ የተገለበጠውን አትንኩ። የራስ ቅል ሥዕል ካለበት መርዝ ነው። በነፋስ አንጻር አትርጩ። እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ።

አንድ ደብተር

በመጨረሻ አንድ ደብተር ግዙ። በገጹ ላይ አምስት መስመር አስምሩ። ቀን፣ ቦታና ሥራ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ ብላችሁ ጻፉ። ማታ ማታ ሙሉት። ዓመት ሲሞላው ደብተሩ ብዙ ይነግራችኋል። ሥራ የሚበዛው በየትኛው ወር ነው? በዓል ሲቃረብ አጥር የሚያስከረክመው ማን ነው? የሚያከራክረው፣ ቶሎ የሚከፍለውስ ማን ነው? በዝናብ ወራት ስንት ቀን ሥራ ፈታችሁ? ይህን የሚያውቅ ሰው ለክረምት አስቀድሞ ያስቀምጣል።

ወደ እኒያ አባት ልመለስ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላ ሥራ አገኙ። ያን ማታ ወደ ክፍል ሲመጡ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የእጅ ጽሑፋቸው ነው። መስመሩ ይንጋደዳል። «ጭራሮ» የሚለውን «ችራሮ» ብለው ጽፈውታል። ከሥሩ ግን ሁለት ፊርማና ሁለት ምስክር አለው። እኔ ፊደሉን ላርም እርሳሴን ሳነሣ እጄን ያዙኝ።

«ተወው» አሉኝ። «ባለቤቱ አንብቦ ገብቶታል። እዚህ ጋ እይ።»

በጣታቸው ያሳዩኝ ቦታ «ቅጠሉ የሠራተኛው ነው» ይላል። በዚያ ቀን ቅጠሉ ቤታቸው ገብቶ ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ምሳር ከመነሣቱ በፊት መልስ ማግኘት ያለባቸው አራት ጥያቄዎች ምን ምን ናቸው?
2. በሰፈራችሁ ቅጠልና ጭራሮ የማን ነው ይባላል? ጠብ የተነሣበት ጊዜ ታውቃላችሁ?
3. አንድ ሰው ለ5 ቀን ሥራ 3,000 ብር ተከፈለው። ከኪሱ 900 ብር አወጣ። በቀን ስንት ቀረው?
4. በቤታችሁ አጠገብ ያለ አንድ ዛፍ በእንጨት ለክታችሁ ቁመቱን ጻፉ።
5. ባለቤቱ ሽቦ የነካ ዛፍ ቁረጥልኝ ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? መልሳችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።